ጅራታም ኮከብ ከሰገነት የበረረ ዕለት

የምነግራችሁ ሁሉ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። አንዲት ቅንጣት ጨምሬበት እንደሆነ የጓዳሉፔዋ እመቤት ትፍረድብኝ፤ ምላሴም በርበሬ የማይችል ሆኖ ይቅር። በሳንታ ሮሳሊያ ሰፈር ይህን ታሪክ የሚጠራጠር ሰው አይገኝም። አንድ ጊዜ አንድ ተጠራጣሪ ተገኝቶ ነበር፤ በሳምንቱ ከሰፈር ለቀቀ። ርካሽ ቤት አግኝቶ ነው ይላሉ። እኛ ግን እናውቃለን።

ሬፉሂዮ ኦንቲቬሮስ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንደ ማንም ሰው ነበር። በዶኛ ኤውላሊያ ቶርቲያ ቤት የበቆሎ ሊጥ ተሸክሞ ከወፍጮው ወደ መጋገሪያው ማሽን ያመላልሳል፣ ማሽኑ እየተንጫጫ የሚተፋውን ትኩስ ቶርቲያ፣ ያን ስስ የበቆሎ ቂጣ፣ በወረቀት ይጠቀልላል፣ ቀኑን ሙሉ ይሰደባል። እሑድ ከሰዓት በኋላ አሬና አውሮራ የሚባለው የትግል አዳራሽ ገብቶ ያን ብርማ ጭምብል ሲያጠልቅ ግን ሬፉሂዮ የሚባል ሰው ይጠፋና ጅራታም ኮከብ ይወጣል።

አበራረሩን ያላየ ሰው ምን ይደረግለታል! ከመድረኩ ማዕዘን ምሰሶ ላይ ሲነሳ ተመልካቹ ኦቾሎኒ ሻጩን ጠርቶ፣ ተከራክሮ ገዝቶ፣ ፈልፍሎ በልቶ፣ ቅርፊቱን ከጉልበቱ አራግፎ ቀና ሲል ጅራታም ኮከብ ገና ወደ ላይ እየወጣ ነው። አንድ እሑድ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር በግንባሩ ተላትሞ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ዝናብ በጣለ ቁጥር በዚያ በኩል ያፈሳል። ያላመነ ሄዶ ባልዲውን ይይ። ሌላ ቀን ደግሞ ሲወርድ ጭምብሉ ላይ ጤዛ ተገኝቷል።

ያገኘው የአሬናው ባለቤት ዶን ኤርሚሎ ነው። ዶን ኤርሚሎ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ፣ ክብሪት ግን የማያባክን ሰው ነበር። አንድ ቀን በገበያው መሐል ሲያልፍ ሬፉሂዮ ሊጥ እንደተሸከመ ውሻ አባሮት የአናናስ ጋሪ በአንድ ዝላይ ሲሻገር አየው። ጋሪው ላይ አናናሱ ተቆልሎ ነበር፤ ከአናናሱ ላይ ሻጩ ቆሞ ነበር፤ ሻጩ ደግሞ ባርኔጣ አድርጎ ነበር። ሬፉሂዮ ባርኔጣውን እንኳ አልነካም።

"አንተ ልጅ፣" አለው ዶን ኤርሚሎ፣ "ይህን ነገር ውሻው ሳይኖር ትደግመዋለህ?"

"ውሻው ቢኖር ይሻላል፣ ጌታው።"

"ውሻ ሞልቶናል። የእኛዎቹ በሁለት እግራቸው ነው የሚሄዱት። ስምህ ማነው?"

"ሬፉሂዮ።"

"በዚህ ስም ማንን ታስፈራራለህ? ድመት እንኳ ዞር ብላ አታይህም። ከዛሬ ጀምሮ ጅራታም ኮከብ ነህ። ጭምብሉን ደግሞ እኔ እስካልሞትኩ ድረስ በሰው ፊት እንዳታወልቅ። አንድ ሰው ፊትህን ካየ አለቀልህ፤ ወደ ሊጥህ ነው።"

እንዲያ ተጀመረ። ዓመት ሳይሞላ ከተማው በሙሉ ጅራታም ኮከብ፣ ጅራታም ኮከብ አለ። ለንስሐ በጭምብሉ ገባ፤ ቄሱም "ልጄ፣ ፊትህን እግዚአብሔር ያውቀዋል። እኔ የቸገረኝ የፊታችን እሑድ ማን እንደሚያሸንፍ ነው" አሉት። መታወቂያ ሊያወጣ በጭምብሉ ፎቶ ተነሳ። ጸሐፊዋ "አውልቀው" ብትለው ከኋላው የተሰለፈው ሕዝብ ቢሮውን ሊያፈርሰው ተነሳ፤ ደነገጠችና "ልዩ ምልክት፦ የለውም" ብላ ጽፋ ማኅተሙን አተመችለት። ለምርጫ የሚወዳደሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ግራና ቀኙ ቆመው ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ከሦስቱ ጭምብል የለበሰው የትኛው እንደሆነ ሲከራከር ዋለ።

በእኛ ትግል ታጋዮች ጨዋና ባለጌ ተብለው ለሁለት ይከፈላሉ፤ ጅራታም ኮከብ ከጨዋዎቹ ወገን ነበር። ከባለጌዎቹ ወገን ደግሞ የባለጌ መጨረሻው ዶክተር መንጋጋ ነው። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ግንባሩ ላይ የፈረስ ጥርስ የሚያህል መንጋጋ የተሰፋበት ጭምብል አጥልቆ፣ የአንጥረኛ ጉጠት እያንቋቋ ይገባል። ሕፃናት እሱን ካዩ በኋላ ሳይታዘዙ ጥርሳቸውን ይቦርሻሉ። ክፋቱ ልክ አልነበረውም፤ ጅልነቱ ግን ከክፋቱ ይብሳል። ጅራታም ኮከብ ስንት እሑድ በረረ፤ በበረረ ቁጥር ያ ጅል ሁልጊዜ ልክ መውደቂያው ቦታ ላይ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀዋል። አንድ ቀን እንኳ ዞር ማለት አልመጣለትም። እኛም እንባችን እስኪወርድ እንስቅበት ነበር።

ዶኛ ኤውላሊያ ከፊተኛው መደዳ፣ ከጃንጥላቸው ጋር፣ ቀርተው አያውቁም።

"አንተ የጥርስ ሌባ! ና እስቲ ወደዚህ! ነቀላ እንዴት እንደሆነ በጃንጥላ ላስተምርህ!"

"እማማ፣" ይላቸዋል ዶክተር መንጋጋ ገመዱን ተደግፎ፣ "አፍዎን ይክፈቱልኝማ። ያቺን አንዲት የቀረችዎትን በነጻ ላውጣልዎት።"

"የቀረችኝ አንዲት አንተን ለመንከስ ናት፣ ባለጌ!"

ጃንጥላው ጀርባው ላይ ያርፋል፤ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። የሁለቱም እሑድ ያምራል።

ሰኞ ጠዋት ሬፉሂዮ ጀርባው እየነደደው ሊጡን ተሸክሞ ሲገባ የዶኛ ኤውላሊያ ድምፅ ይጠብቀዋል። ሱቁ ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ከጎኑ የጅራታም ኮከብ ፎቶ አለ። ሻማው ግን አንድ ነው፤ ወደ ማን እንደተጠጋ መናገር አልፈልግም።

"ሬፉሂዮ! አንተ ዛሬም እንደ ሽማግሌ በሬ ነው የምትራመደው? ሊጡ መንገድ ላይ ሸምግሎ ደረሰ እኮ!"

"ወገቤን ትንሽ አሞኝ ነው፣ ዶኛ ኤውላሊያ።"

"ወገቤን ይላል! ምን ሠራህበትና? እዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን ወንድ እየው። ትናንት ከጣሪያ ወርዶ ያን የጥርስ ሌባ ሲደቁሰው አላየህም። ወንድ ማለት እሱ ነው። አንተ የእሱን ጥፍር እንኳ ብታህል ኖሮ..."

"አላህልም፣ ዶኛ ኤውላሊያ።"

"እንኳንም አወቅከው። በል ይህን ትኩስ ቶርቲያ ለእሱ አድርስልኝ፤ ለዶን ኤርሚሎ በር ጠባቂ ስጠው። መንገድ ላይ አንዲት ብትቀምስ አውቃለሁ!"

ሬፉሂዮ አደራ በልቶ አያውቅም። የላኩለትን ሁሉ ለጅራታም ኮከብ አድርሷል፤ ሆዱ ድረስ።

ታዲያ ነገር የመጣው ከፍቅር ነው። አንድ እሑድ ጅራታም ኮከብ ካሸነፈ በኋላ ዶኛ ኤውላሊያ ወንበር ላይ ወጥተው "ጭምብል በጭምብል!" ብለው ጮኹ። አዳራሹ ተቀበላቸው። "ጭምብል በጭምብል! ጭምብል በጭምብል!" የተሸነፈ ጭምብሉን በሕዝብ ፊት አውልቆ፣ ስሙንና አገሩን ተናግሮ የሚሄድበትን ትግል ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ጭምብሉን ለዘላለም አያጠልቀውም። ጅራታም ኮከብ ጩኸቱን እንደ ውዳሴ ቆጠረው። ለዶኛ ኤውላሊያ ምስጋና ለማቅረብ ጎንበስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መድረክ ላይ ግን ራስ መነቅነቅ መሐላ ነው። ዶን ኤርሚሎ ድምፅ ማጉያውን ነጥቆ "ሰማችሁ! ቃሉን ሰጠ!" አለ፤ ዶክተር መንጋጋም ጉጠቱን አንቋቋ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሬፉሂዮ የዶን ኤርሚሎን እጅጌ ያዘ።

"ዶን ኤርሚሎ፣ እኔኮ እጅ መንሣቴ ነበር።"

"በሰው ፊት ነቀነቅክ አይደል?"

"አንገቴን አሞኝ ነው ብንልስ?"

"ትኬቱ ተሸጧል።"

"መቼ?"

"አንገትህን ስትነቀንቅ።"

ያ ሳምንት በቶርቲያ ቤት እንዴት እንዳለፈ የሚያውቀው ሬፉሂዮ ብቻ ነው። ወረፋ የቆመው ሁሉ ከጭምብሉ ሥር ማን እንዳለ ይገምታል። አንዷ የጄኔራል ልጅ ነው ትላለች። ሌላዋ ከገዳም የኮበለለ መነኩሴ ነው፤ ሲበርር እጁን እንደ መስቀል የሚዘረጋው ለዚህ ነው ትላለች። የስጋ ቤቱ ሰውዬ ደግሞ አውሮፕላኑ ተሰብሮበት የቀረ ፈረንሳዊ አብራሪ መሆኑን በልጆቹ ማለ።

ሬፉሂዮ ሊጡን ወደ ማሽኑ እየገፋ፣ ዞር ሳይል ጠየቀ።

"ዶኛ ኤውላሊያ፣ እንዲያው ለነገሩ... እንደ እኔ ያለ ሠራተኛ ሆኖ ቢገኝስ?"

ዶኛ ኤውላሊያ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁና የዱቄት ኬሻ ላይ ቁጭ አሉ። ወረፋውም አብሮ ሳቀ።

"እንደ አንተ! ኧረ ግደሉኝ! እንደ አንተ ያለ ሆኖ ከተገኘማ፣ ፎቶውን አውርጄ እሳት ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ ገዳም እገባለሁ። ደግሞ ንገረኝ እስቲ፣ ከዚያ ወዲያ የማንን ስም ጠርቼ ነው አንተን የምሰድብህ?"

ሬፉሂዮም ሳቀ። ሲስቅ ግን ቶርቲያው ማሽኑ ላይ አረረ፤ ለዚያም ተሰደበ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሌላው ሰው ጭምብሉ ቢወልቅ ፊቱ ይታያል፣ ያበቃል። ሬፉሂዮ ግን ያችን እሑድ ቢሸነፍ በዓለም ላይ ሰው ያከበረው ብቸኛ ሰውነቱን እዚያው አሬና ውስጥ ቀብሮ፣ ሰኞ ጠዋት ሊጥ ተሸክሞ በእነዚያው ሰዎች ፊት ሊያልፍ ነው።

እሑድ ደረሰ። ዝናቡ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰማዩ ራሱ የወረደ ነበር። አሬናው ውስጥ የገባው ሕዝብ ከከተማው ሕዝብ ይበልጣል። መቀመጫ ያጣ ሰው ጭን ላይ ተቀምጧል፤ ጭን ያጣ ትከሻ ላይ ወጥቷል። ዶኛ ኤውላሊያ አዲስ ጃንጥላ ገዝተው ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር ዶክተር መንጋጋ ወሰደው፤ በጉጠት፣ ዳኛው ጫማውን ሲያስር። የእኛ ዳኞች ጫማ መቼም በደህና ጊዜ ተፈትቶ አያውቅም። በሁለተኛው ዙር ጅራታም ኮከብ ከምሰሶው ተነስቶ በረረ፤ ያ ጅል እንደ ልማዱ መውደቂያው ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ አንድ ለአንድ ሆኑ። በሦስተኛው ዙር ግን ዶክተር መንጋጋ ከኋላ መጥቶ የጭምብሉን ማሰሪያ ያዘ። አንድ ቋጠሮ ተፈታ። አገጩ ታየ። ዶኛ ኤውላሊያ "ኧረ የሰው ያለህ!" ብለው ፊታቸውን በጃንጥላው ሸፈኑ።

ጅራታም ኮከብ ጭምብሉን በሁለት እጁ ጨምድዶ በገመዶቹ መሐል ሾልኮ ወጣ፤ በሕዝቡ መሐል ሮጠ፤ የሰገነቱን ደረጃ ወጣ። ሸሸ የሚሉ አሉ። ንስር ግን ቁልቁል ሊወረወር ሲፈልግ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል እንጂ አይሸሽም። ከሰገነቱ ጫፍ የብረት መደገፊያው ላይ ወጥቶ ቆመ። ከፍታው ከካቴድራሉ ደወል ቤት ቢያንስ በጥቂት ነው። ወደ ታች ሲመለከት ሕዝቡ የሰሊጥ ፍሬ አክሎ ታየው። ኦቾሎኒ ሻጩ እንኳ አፉን ዘጋ፤ እናቱ ስትሞትም ያልዘጋውን።

በዚያች ቅጽበት መብረቅ ወረደና የሰፈሩ መብራት ሁሉ ድርግም አለ።

ጨለማ ነበር፤ ግን ያላየ የለም። እንኳን ዓይን ያለው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ዓይነ ስውር ለማኝ እንኳ አይቷል። ጅራታም ኮከብ እጁን ዘርግቶ ከሰገነቱ ተነሳ። መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የሄደው። የጭምብሉ ብር በጨለማው ውስጥ እንደ ስሙ ጭራ እየጎተተ በፊተኛው መደዳ ላይ አለፈ፤ ንፋሱ የሦስት ሰዎችን ባርኔጣ ወሰደ፤ አንዱ ባርኔጣ እስካሁን አልተገኘም። ዞረ፤ አነጣጠረ፤ ወረደ። ምድር ጓ! አለች።

መብራቱ ሲመጣ ዶክተር መንጋጋ በመድረኩ መሐል በጀርባው ተዘርግቷል። ጅራታም ኮከብ ከላዩ ላይ ሆኖ አንገቱን በብረት ክንድ አንቆ ይዞታል። ዳኛው ተንበርክኮ "አንድ! ሁለት! ሦስት!" አለ። አሬናው ፈነዳ። ያ የጣሪያው ቀዳዳ ሰፋ።

ዶክተር መንጋጋ ሕጉን ያውቃል። ተንበርክኮ ማሰሪያውን በራሱ እጅ ፈታና ቀና አለ።

"ኤሉተሪዮ ባርሴናስ እባላለሁ። የትላክስካላ ሰው ነኝ።"

ሕዝቡ ፊቱን አየ። የብርቱካን ጭማቂ ሻጩ ነበር! ከቶርቲያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከዛፉ ሥር፣ ጠዋት ጠዋት የምናየው፣ ያ ዝምተኛ ሰውዬ።

"የብርቱካኑ ሰውዬ?" አሉ ዶኛ ኤውላሊያ። "በየቀኑ 'እንዴት አደሩ' የሚለኝ? እኔን? ይኸ ከሃዲ!" ከዚያ ጭምብሉን ነጥቀው ወሰዱ፤ እስከ ዛሬ የመጋገሪያው ማሽን የሚወለወለው በእሱ ነው።

ኤሉተሪዮ በማግስቱ ብርቱካኑን ዘርግቶ ተቀመጠ። ደንበኛ ይሸሸኛል ብሎ ነበር፤ የባሰ መጣ። ጉንጩን በሻርፕ ያሰረ ሁሉ ከፊቱ ተሰለፈ።

"ወንድሜ፣ እኔኮ ብርቱካን ነው የምጨምቀው።"

"ግድ የለም፣ ዶክተር፤ አንዴ ብቻ ይዩልኝ። ከታች በስተግራ ነው።"

ጅራታም ኮከብም ጥቂት ዓመት ከበረረ በኋላ ጭምብሉ እንደታሰረ ከመድረክ ወረደ። ማን እንደነበር እኔ ለእናንተ ነገርኳችሁ እንጂ እነሆ እስከ ዛሬ ሰፈሩ አያውቅም። ሬፉሂዮ ግን ያው ሊጡን ይሸከማል፤ ያው ይሰደባል። ብቻ የዚያች እሑድ ወሬ በተነሳ ቁጥር ከጓዳ ብቅ ብሎ "እኔ እንደሰማሁት" እያለ አንድ ነገር ሳይጨምር አይመለስም። ሰገነቱ በየዓመቱ ከፍ እያለ የመጣው በእሱ ምክንያት ነው። ደጋግሞ ሲናገረው የዚያ ቀን ንፋስ ጆሮው ውስጥ ይሰማው ጀመር፤ መዝለሉን ያስታውሳል፤ መዞሩን ያስታውሳል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያችን በረራ ከጠላቱ አፍ መስማት።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሞንቴሬይ የመጣ የአዝራር ነጋዴ ከኤሉተሪዮ ጭማቂ አዝዞ ቆሟል። ዶኛ ኤውላሊያ እንግዳ ካገኙ አይምሩም፤ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው ታሪኩን ከጣሪያው ቆርቆሮ ጀምረው እስከ ጨለማው ድረስ አወረዱለት። ሬፉሂዮ የሊጡን ኬሻ ትከሻው ላይ እንደያዘ ቆሞ ይሰማል።

"ይቅርታ፣ እሜቴ፣" አለ ነጋዴው፣ "መብራት ጠፍቶ ነበር ብለውኝ የለ? ታዲያ ሲበርር በቅርብ ያየ ሰው አለ?"

"ምን ማለት ነው ያየ አለ!" አለ ሬፉሂዮ ኬሻውን ከትከሻው አውርዶ። "በጀርባው የተቀበለው ሰው ከፊትህ ቆሞ ብርቱካን ይጨምቅልሃል! ዶን ኤሉተሪዮ፣ ንገረው እስቲ! ሲመጣብህ እንዴት ነበር? ከፍታው የካቴድራሉን ያህል ነበር አይደል?"

ኤሉተሪዮ የተጨመቀውን ብርቱካን ጣለና ሌላ አነሳ። ስለዚያች ቀን ሰው ጠይቆት አያውቅም ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ጥርሱ ነው።

"አልዘለለም" አለ ቀስ ብሎ።

"ምን አልክ?" አሉ ዶኛ ኤውላሊያ።

"አልዘለለም። ከዚያ በፊትም ዘልሎ አያውቅም። ሁለተኛው ገመድ ላይ ከቆመ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ እጁን ሲዘረጋ እኔ ነኝ ሮጬ ሥሩ ገብቼ አንስቼ የማዞረው። ሥራችን ነው፤ የሚበረው ይበራል፣ ባለጌው ይሸከማል።" ብርቱካኑን ለሁለት ሰነጠቀው። "ያን ቀን ሰገነት ላይ ወጥቶ ደረቀ። መውረድ አቃተው። መብራቱ ሲጠፋ በደረጃው ወጣሁና በጀርባዬ አዝዬ አወረድኩት። በጨለማ የማውቀው መንገድ ወደ መድረኩ ያለውን ብቻ ነው። ስገባ ገመዱ አደናቀፈኝና ወደቅን፤ እሱ ከላይ ሆነ። አንገቴን ከፍርሃት የተነሳ አልለቅም አለ። መብራቱ መጣ፤ ዳኛውም ቆጠረ።"

"ታዲያ ማሰሪያው ተፈትቶ አልነበር?" አለ ነጋዴው። "አዝለኸው ስትወርድ ጭምብሉን መግፈፍ አቅቶህ ነው?"

ኤሉተሪዮ ወደ ሬፉሂዮ ዞር አላለም።

"እያለቀሰ ነበራ" አለ። "ቋጠሮውን መልሼ ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ ደረጃው ላይ።"